ስምንት ጨዋታ ምን ይናገራል?
ጊዜያዊ ዋና አሰልጣኞችና «ወደ አማካይ መመለስ»

በአገራችን መሥሪያ ቤቶች «ተጠባባቂ» የሚለው ቃል ከኃላፊው ማዕረግ ፊት ተጨምሮ ሲታይ፣ ሰውየው ወንበሩ ላይ ቢቀመጥም ወንበሩ ገና የእርሱ አለመሆኑን ሁሉም ይረዳል። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የፉትቦል ቡድኖች ዘንድም ይኸው ዓይነት ሹመት አለ። ዋናው አሰልጣኝ በውድድር ዘመኑ መካከል ሲሰናበት ወይም በፈቃዱ ሲለቅ፣ ከረዳቶቹ አንዱ «ጊዜያዊ ዋና አሰልጣኝ» ተብሎ ቡድኑን እስከ ዘመኑ ፍጻሜ ይመራል። ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲው ወይ ሹመቱን ያጸድቅለታል፣ ወይ ከውጭ ሌላ ሰው ያመጣል። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ የስፖርት ቢመስልም በመሠረቱ የስታቲስቲክስ ነው። ጊዜያዊው አሰልጣኝ ከመራቸው ጥቂት ጨዋታዎች ውጤት ተነሥተን ስለ ችሎታው ምን ያህል ማወቅ እንችላለን?

በቅድሚያ ስለ ጨዋታው ጥቂት እንበል። እዚህ ፉትቦል የምንለው እኛ የምናውቀውን እግር ኳስ አይደለም፤ በየወገኑ 11 ተጫዋቾች ተሰልፈው ሞላላ ኳስን በአብዛኛው በእጅ ይዘው እየሮጡና እየወረወሩ የሚጫወቱት የአሜሪካ ጨዋታ ነው። ለጉዳያችን የሚጠቅመው ቁም ነገር የጨዋታው ብዛት ነው። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ አንድ ክለብ በዓመት 38 ጨዋታ ሲያደርግ፣ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በመደበኛው ዘመን የሚያደርገው 12 ብቻ ነው። ጥሩ የሠራ ቡድን «ቦውል» የሚባል የመዝጊያ ጨዋታ ይጨመርለታል። በመሆኑም በዘመኑ መካከል የተሾመ ጊዜያዊ አሰልጣኝ የሚፈተነው በስድስት፣ በሰባት፣ ቢበዛ በስምንት ጨዋታ ነው።

በዚህ ትንሽ ቁጥር ላይ የሚመሠረተው ውሳኔ ግን ትንሽ አይደለም። በትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ዋናው አሰልጣኝ በዓመት በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ይከፈለዋል፤ የተሳሳተ ምርጫም በቀላሉ አይታረምም። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ጂምቦ ፊሸርን ሲያሰናብት፣ በውሉ መሠረት የመክፈል ግዴታ የገባበት ገንዘብ ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሁን ወደ አንድ ሰው ታሪክ እንሻገር። ኤድ ኦርዠሮን ሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲን ከ2005 እስከ 2007 በዋና አሰልጣኝነት መርተው 10 ጨዋታ ብቻ አሸንፈው በ25ቱ ተሸንፈዋል፤ ከዚያም ተሰናበቱ። በ2013 የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ረዳት አሰልጣኝ ሳሉ ዋናው አሰልጣኝ ሌን ኪፈን በመስከረም መጨረሻ ተባረሩና ኦርዠሮን በጊዜያዊነት ተተኩ። ከስምንት ጨዋታ ስድስቱን አሸነፉ። ተጫዋቾቹም ወደዷቸው። ዩኒቨርሲቲው ግን ስቲቭ ሳርኪዢያንን ከውጭ አምጥቶ ሾመ፤ ኦርዠሮንም ወዲያውኑ ለቀቁ። ከሦስት ዓመት በኋላ በሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያው ታሪክ ተደገመ። በመስከረም 2016 ሌስ ማይልስ ሲሰናበቱ ኦርዠሮን እንደገና ጊዜያዊ ሆኑ፤ የመዝጊያውን ጨዋታ ጨምሮ እንደገና ከስምንት ስድስቱን አሸነፉ። ይህኛው ዩኒቨርሲቲ ሹመታቸውን አጸደቀ። በ2019 ቡድናቸው 15 ጨዋታ አድርጎ 15ቱንም በማሸነፍ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ «ስድስት በስምንት» የታላቅ አሰልጣኝ ምልክት ነው ብለን በደመደምን ነበር። ነገር ግን በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት የኦርዠሮን ውጤት 11 ድልና 11 ሽንፈት ሆነ፤ በጥቅምት 2021ም በዘመኑ መጨረሻ እንደሚለቁ ተነገረ። አንድ ሰው በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ደካማም፣ ተስፋ ሰጪም፣ ፍጹምም፣ መካከለኛም ሆኖ ታየ ማለት ነው። ከእነዚህ ውስጥ እውነተኛው ኦርዠሮን የትኛው ነው?

አንባቢ አንድ ሳንቲም አውጥቶ ስምንት ጊዜ ይወርውር፤ ዘውድ ድል፣ ጎፈር ሽንፈት ይሁን። ሊከሰቱ የሚችሉት ቅደም ተከተሎች 256 ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ስድስትና ከዚያ በላይ ዘውድ ያለባቸው 37 ስለሆኑ ዕድሉ ከመቶ 14 ነጥብ 5 ገደማ ነው። በሌላ አነጋገር ምንም የተለየ ችሎታ የሌላቸው፣ ቡድናቸውም ለማሸነፍና ለመሸነፍ እኩል ዕድል ያለው ጊዜያዊ አሰልጣኞች ቢሰለፉ፣ ከሰባቱ አንዱ በዕድል ብቻ ስድስት በስምንት ያስመዘግባል። እንዲህ ያሉ አሥር አሰልጣኞች ቢኖሩ፣ ቢያንስ አንዱ እንዲህ «የመጠቀ» ውጤት የማምጣቱ ዕድል ወደ 79 በመቶ ይደርሳል። ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ ብናየው፣ ከስምንት ስድስት ያሸነፈ ሰው የማሸነፍ እውነተኛ ብቃቱ 75 በመቶ ነው ማለት አንችልም። 95 በመቶ የመተማመኛ ክልሉ ከ35 በመቶ እስከ 97 በመቶ የተዘረጋ ነው። ይህን ያህል ሰፊ ክልል ደካማውንም ጎበዙንም በአንድነት ይዟል።

ከዚህ የሚበልጠው አሳሳች ነገር ግን ሌላ ነው። አሰልጣኝ በዘፈቀደ ቀን አይባረርም፤ የሚባረረው ቡድኑ ዝቅተኛው ነጥብ ላይ ሲደርስ ነው። ፍራንሲስ ጋልተን በ1886 ባሳተሙት ጥናት፣ እጅግ ረጃጅም የሆኑ ወላጆች ልጆች በአማካይ ከወላጆቻቸው ያጠሩ፣ እጅግ አጫጭር የሆኑት ወላጆች ልጆች ደግሞ በአማካይ ከወላጆቻቸው የረዘሙ መሆናቸውን አሳይተዋል። ይህ ክስተት «ወደ አማካይ መመለስ» ይባላል። ልኬቱ በከፊል በዕድል የሚወሰን ነገር ሁሉ፣ ከአማካዩ በጣም ርቆ ከተገኘ በኋላ ሲለካ ወደ አማካዩ የመጠጋት ዝንባሌ አለው።

ይህን በፉትቦል ሜዳ እናውለው። ትክክለኛ አቅማቸው መካከለኛ የሆነ፣ ማለትም እያንዳንዱን ጨዋታ የማሸነፍ ዕድላቸው 50 በመቶ የሆነ 100 ቡድኖች እንውሰድ። ከመጀመሪያዎቹ አምስት ጨዋታዎች አንድ ብቻ የሚያሸንፉ ወይም ምንም የማያሸንፉ ወደ 19 የሚጠጉ ይኖራሉ፤ ጥፋታቸው መጥፎ ዕድል ብቻ ነው። የእነዚህ ቡድኖች ደጋፊዎች ይቆጣሉ፣ አሰልጣኞቹ ይባረራሉ፣ ጊዜያዊዎቹ ይተካሉ። በቀሩት ሰባት ጨዋታዎች ቡድኖቹ በአማካይ ሦስት ተኩል ያሸንፋሉ። ከአምስት አንድ የነበረው ውጤት ወደ ግማሽ ከፍ አለ፤ ምስጋናውን ጊዜያዊው ወሰደ። አሮጌው አሰልጣኝ ቢቆይ፣ ወይም በወንበሩ ላይ ማንም ባይቀመጥ፣ ያው በሆነ ነበር። ተቃዋሚ ቡድኖች በጥንካሬ እኩል አለመሆናቸውን ብንጨምርበት ደግሞ ሥዕሉ ይበልጥ ይደበዝዛል።

ይህን ለማጣራት የሚያስፈልገው የማነጻጸሪያ ቡድን ነው። አድለር፣ ቤሪና ዶኸርቲ የተባሉ ሦስት የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪዎች በ2013 በታተመ ጥናታቸው አሰልጣኝ የለወጡ የዩኒቨርሲቲ ቡድኖችን፣ ተመሳሳይ ውጤት ኖሯቸው ካልለወጡት ጋር አነጻጽረዋል። እጅግ ደካማ በሆኑት ቡድኖች ዘንድ ለውጡ ያመጣው ልዩነት ጥቂት ነበር። መካከለኛ በሆኑት ዘንድ ደግሞ አሰልጣኝ የለወጡት ካልለወጡት የባሰ ውጤት አሳይተዋል። ጥናቱ የጊዜያዊዎቹን ጉዳይ ለብቻው የመረመረ ባይሆንም፣ «ለውጥ ሁልጊዜ ያነቃቃል» የሚለውን እምነት ክፉኛ ይፈትነዋል።

ታዲያ ጊዜያዊ አሰልጣኝ ጥቅም የለውም ማለታችን ነውን? አይደለም። ጥቅሙ ግን በውጤት ሰሌዳ ላይ የሚታየው አይደለም። ወደ መቶ የሚጠጉ ወጣቶች በትምህርት ዓመቱ መካከል መሪያቸውን ሲያጡ፣ ስማቸውንና ጠባያቸውን የሚያውቅ ሰው መካከላቸው መቆየቱ ቀላል ነገር አይደለም። ከ2017 ወዲህ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚመጡ ተጫዋቾች በታኅሣሥ ወር መፈረም ጀምረዋል፤ ከ2021 ጀምሮም ነባር ተጫዋቾች ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሲዛወሩ አንድ ዓመት ያለ ጨዋታ የመቆየት ግዴታው ተነሥቶላቸዋል። ስለዚህ የሁለት ወር ክፍተት ቡድንን ሊበትን ይችላል። በአንጻሩ ጊዜያዊው ሥልጣኑ ቀነ ገደብ ስላለው፣ አብረውት የሚሠሩ ረዳቶች ሌላ ሥራ በማፈላለግ ላይ ይሆናሉ፤ የጨዋታውን ሥርዓት በዘመኑ መካከል ከመሠረቱ መለወጥም አይችልም። እንዲያሸንፍ የሚጠበቀው በሌላ ሰው ዕቅድና በሌላ ሰው መልማዮች ነው።

ስማቸው የአማርኛ አንባቢን ፈገግ የሚያሰኘው ዳቦ ስዊኒ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናቸው። ክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ በጥቅምት 2008 ሦስት አሸንፎ በሦስት ተሸንፎ ሳለ ቶሚ ባውደን ለቀቁና፣ ከዚያ በፊት ከፍ ያለ የአስተባባሪነት ቦታ እንኳ ይዘው የማያውቁት ስዊኒ ተተኩ። በመጀመሪያው ዕለት የማጥቃቱን ክፍል አስተባባሪ አሰናበቱ፤ የመጀመሪያ ጨዋታቸውን ተሸነፉ። ሹመታቸው ሲጸድቅ ውጤታቸው አራት ድልና ሁለት ሽንፈት ነበር፤ ከኦርዠሮን የማይሻል። ሆኖም በ2016 እና በ2018 የውድድር ዘመኖች ክሌምሰንን የአገሪቱ ሻምፒዮን አደረጉ።

በተቃራኒው ቢል ስቱዋርት ዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲን በጊዜያዊነት የመሩት በአንድ ጨዋታ ብቻ ነው፤ በጥር 2008 ኦክላሆማን 48 ለ 28 አሸነፉና በማግሥቱ ተሾሙ። በሦስቱ ቀጣይ ዓመታት በእያንዳንዱ 9 አሸንፈው በ4 ተሸነፉ፤ መጥፎ የሚባል ባይሆንም ከእርሳቸው በፊት ከነበሩት ሦስት ዓመታት ያነሰ ነበር። ሉክ ፊክል ደግሞ በ2011 ኦሃዮ ስቴትን ሙሉውን ዘመን በጊዜያዊነት መርተው 6 አሸንፈው በ7 ተሸነፉ፤ ቦታውም ለኧርባን ማየር ተሰጠ። እኚሁ «የወደቁ» ሰው በ2021 ሲንሲናቲን ይዘው ለአራቱ ምርጥ ቡድኖች ማጣሪያ በቁ።

እነዚህ ስመ ጥር ስለሆኑ የመረጥናቸው ምሳሌዎች እንጂ ናሙና አይደሉም፤ ከእነርሱ ሕግ ማውጣት ራሳችን የነቀፍነውን ስሕተት መድገም ይሆናል። የሚያሳዩት ነገር ቢኖር የጊዜያዊነት ውጤትና የኋላው ታሪክ ምን ያህል ሊለያዩ እንደሚችሉ ነው። እኛ ምርጫው ቢሰጠን፣ የድሉን ቁጥር ወደ ጎን ትተን የምናየው ሌላ ነው፤ ረዳቶቹን እንዴት እንደሚመርጥ፣ ተጫዋች እንዴት እንደሚያሳድግ፣ ሽንፈት በመጣ ማግሥት ልምምዱን እንዴት እንደሚመራ።

ኦርዠሮንን የመለሰው ሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በጥቅምት 2015 ሳርኪዢያንን አሰናበተ። ጊዜያዊው ክሌይ ኸልተን ከሰባት አምስቱን ሲያሸንፉ በዚህ ጊዜ ሹመቱ ጸደቀ፤ ከጸደቀ በኋላ የተደረጉትን ሁለት የዘመኑ የመጨረሻ ጨዋታዎች ግን ተሸነፉ። በመስከረም 2021 ኸልተንም ተሰናበቱ። ወንበሩን በጊዜያዊነት የተረከቡት ዶንቴ ዊሊያምስ ሲሆኑ፣ ከአሥር ጨዋታ ሦስቱን አሸነፉ።