ዘግይቶ የገባ ተጫዋች ድርሻው በቤዝቦል ጌም እንዴት ይመዘገባል?

ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም ዋልያዎቹ ከ31 ዓመታት በኋላ በተመለሱበት የአፍሪካ ዋንጫ፣ በደቡብ አፍሪካ ኔልስፕሩት ከተማ የወቅቱን ሻምፒዮን ዛምቢያን ገጠሙ። የመጀመሪያው አጋማሽ ሳይጠናቀቅ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ሲወጣ ተጠባባቂው ዘሪሁን ታደለ ገባ። ቡድኑ በ10 ተጫዋቾች ቢቀርም በአዳነ ግርማ ግብ 1 ለ 1 ተለያየ። የግብ አስቆጣሪው ስም በመዝገብ ሰፍሯል፤ በጭንቅ ሰዓት ገብቶ ጨዋታውን ለጨረሰው ተተኪ ግን እግር ኳስ የተለየ ዓምድ የለውም።

ቤዝቦል ይህን ዓምድ አበጅቷል፤ ስሙም «ሴቭ» ይባላል። በእግር ኳስ ሴቭ ግብ ጠባቂው ያዳነው ኳስ ሲሆን፣ በቤዝቦል ግን ተተኪ ኳስ ወርዋሪ ጠብቆ ያስረከበው ድል ነው። ሐሳቡን ያስፋፋው የቺካጎው ጋዜጠኛ ጀሮም ሆልዝማን ሲሆን፣ የአሜሪካ ዋና ሊግ እ.ኤ.አ. በ1969 በይፋ ተቀብሎታል። የሊጉ የምንጊዜም ክብረ ወሰን ባለቤት ማሪያኖ ሪቬራ 652 ሴቭ አለው።

የቤዝቦል የቪዲዮ ጌሞችም ይህንኑ ደንብ ይከተላሉ። መደበኛ ጨዋታ 9 ዙር አለው፤ የአንድ ቡድን ተራ የሚያበቃው 3 ተጫዋቾቹ ከጨዋታ ሲወጡ ነው። ሴቭ የሚያገኘው ወርዋሪ ለአሸናፊው ቡድን ጨዋታውን የጨረሰ፣ ድሉ በራሱ ስም ያልተመዘገበና ቢያንስ አንድ ተጋጣሚ ከጨዋታ እስኪወጣ የወረወረ መሆን አለበት። በተጨማሪም ከሦስቱ አንዱን ያሟላል፦ ከ3 ባልበለጠ የነጥብ ብልጫ ገብቶ ቢያንስ አንድ ዙር መወርወር፤ አቻ የሚያደርገው የተጋጣሚ ተጫዋች በቤዝ ላይ፣ በመምቻው ስፍራ ወይም ቀጣይ ተረኛ ሆኖ ሳለ መግባት፤ ወይም ብልጫው ምንም ያህል ቢሆን ቢያንስ 3 ዙር በብቃት መወርወር።

ተጫዋቾችን ግራ የሚያጋባው ጌሙ ወርዋሪው የገባበትን ቅጽበት መመዝገቡ ነው። ቡድኑ 6 ለ 2 እየመራ፣ ቤዞቹ ባዶ ሆነው በመጨረሻው ዙር የገባ ወርዋሪ ያለ ስህተት ቢጨርስም ሴቭ አያገኝም። በዚያው ውጤት ሁለት ተጋጣሚዎች በቤዝ ላይ ሳሉ የገባ ግን ያገኛል፤ ምክንያቱም ሁለቱ፣ መቺውና ቀጣዩ ተረኛ ተደምረው ልዩነቱን 4 ነጥብ ያቻችላሉ። መሪነቱ ከእጁ ካመለጠ ደግሞ ቡድኑ በኋላ ቢያሸንፍም ሴቭ የለውም።

ቁም ነገሩ ከጌም ያልፋል። በባሮ ዳርቻ በቆሎውን የዘራ ገበሬ ብቻ ሳይሆን እስኪሰበሰብ ከወፍና ከጦጣ የጠበቀውም ለምርቱ ባለድርሻ ነው። ጋምቤላ እንደ ጋቶች ፓኖም ያሉ አማካዮችን ለብሔራዊ ቡድን ያበረከተች ክልል ናት፤ የአማካይና የተቀያሪ ተጫዋች ልፋት ግን በግብ ቁጥር ብቻ አይለካም። የወጣት ቡድን አሠልጣኝ ተቀያሪው የገባበትን ደቂቃ፣ በዚያ ሰዓት የነበረውንና የመጨረሻውን ውጤት በደብተሩ ቢያሰፍር፣ ተጫዋች ሲመርጥ ያልተቆጠረ ልፋት አይረሳበትም። ለዚህ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል።