መጤው አረም ወንዙን ተከትሎ ሳይወርድ

ፓርቲኒየም ከአሜሪካ አህጉር የመጣ አረም ሲሆን፣ አንዱ ተክል ከ10,000 በላይ ዘር ሊያፈራ ይችላል። ዘሩን ጎርፍ ያጓጉዘዋል፤ የሰበታና የቡራዩ ወንዞች ወደ አዋሽ፣ የሱሉልታ ደግሞ ወደ ዓባይ ስለሚፈስሱ፣ የላይኛው ቸልተኝነት የታችኛውን ገበሬ ይጎዳል። ስለሆነም ሰበካ ጉባኤያት ሥራውን ከወንዙ ራስ ይጀምሩ። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አረሙን ሳያብብ፣ መሬቱ በዝናብ ሲርስ፣ ከነሥሩ ይንቀሉ፤ ቆዳንና መተንፈሻን ስለሚጎዳ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አይለያቸው። ገደላማው ስፍራ ለሥራ ተቋራጭ ሲሰጥ፣ ዘሩ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ፣ የክፍያው ከፊል ከቀጣዩ ክረምት ዳግም አረማ በኋላ እንዲፈጸም በውሉ ይጻፍ። በተራቆተው ዳርቻም ሣርና አገር በቀል ዛፍ ይተከል፤ ባዶ መሬት አረሙን መልሶ ይጠራዋልና።