የድረ ገጽ ምላሽ ኮድ

የድረ ገጽ ምላሽ ኮድ ሰርቨር ለሚደርሰው ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከገጹ አስቀድሞ የሚልከው ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር ነው። ገጹ በደኅና ሲከፈት ቁጥሩ አይታይም፤ ተጠቃሚው የሚያስተውለው 404 ወይም 503 ሲመጣበት ነው። ዋና ጥቅሙም ገጽ አልከፈት ሲል ችግሩ ከጠያቂው፣ ከሰርቨሩ ወይም በመካከል ካለው መስመር መሆኑን ለመለየት ማስቻሉ ነው።

ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው የመጀመሪያው ኤችቲቲፒ እነዚህ ኮዶች አልነበሩትም፤ ስሕተት ሲፈጠር ሰው አንብቦ የሚረዳው ጽሑፍ ብቻ ይላክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመው የኤችቲቲፒ 1.0 ሰነድ ውስጥ ግን ኮዶቹ ተዘርዝረው ይገኛሉ።

የቁጥሮቹ ትርጉም

የመጀመሪያው አኃዝ የኮዱን ወገን ይናገራል። በ2 የሚጀምር ኮድ ጥያቄው መሳካቱን፣ በ3 የሚጀምር ወደ ሌላ አድራሻ መሄድ ወይም ቀድሞ የተቀመጠ ቅጂን መጠቀም እንደሚገባ፣ በ4 የሚጀምር በጥያቄው በኩል ጉድለት መኖሩን፣ በ5 የሚጀምር ደግሞ ሰርቨሩ ራሱ መቸገሩን ያመለክታል። በ1 የሚጀምሩት ጊዜያዊ መልእክቶች ስለሆኑ ተራ ተጠቃሚ አያያቸውም።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ስለተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ለማንበብ የፈለገ ተማሪ ከአድራሻው አንዲት ፊደል ቢያሳስት 404 ያገኛል። ሰርቨሩ ደኅና ነው፤ የተጠየቀው ገጽ ግን የለም። ገጽ ቦታ ሲቀይርም ተመሳሳይ ነገር ይደርሳል። የጌዴኦ ዞን በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ወጥቶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አካል ሆኗል። እንዲህ ባለ ለውጥ አንድ መሥሪያ ቤት የድረ ገጽ አድራሻውን ቢቀይር፣ የድሮው አድራሻ 301 እንዲመልስ ማድረግ ይኖርበታል። ያን ጊዜ ዲላ ሆኖ የቆየ ማገናኛ የነካ ሰው ሳያውቀው ወደ አዲሱ ገጽ ይደርሳል።

304 እምብዛም አይታወቅም፤ ለሞባይል ተጠቃሚ ግን ገንዘብ ቆጣቢ ነው። ስልኩ ቀድሞ ያስቀመጠው ገጽ እንዳልተለወጠ ሰርቨሩ በዚህ ቁጥር ብቻ ያሳውቃል፤ ገጹን ዳግመኛ ስለማይልክ የዳታ ጥቅል አይባክንም።

በፈተና ውጤት ቀን

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በኢንተርኔት ሲለቀቅ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተፈታኞች በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ገጽ ይጎርፋሉ። በዚህ ጊዜ 503 የሚያይ ተማሪ ስለ ውጤቱ የተነገረው ነገር የለም፤ ሰርቨሩ ለጊዜው ማስተናገድ አልቻለም ማለት ነው። 502 እና 504 ደግሞ ከፊት ያለው ሰርቨር ከኋላው ካለው ሌላ ሰርቨር ትክክለኛ ወይም በጊዜው የደረሰ መልስ እንዳላገኘ ይጠቁማሉ። ለሁሉም መፍትሔው ቆይቶ መሞከር ነው። ገጹን በየሰከንዱ ማደስ 429ን፣ ማለትም «ጥያቄ አበዛህ» የሚለውን መልስ ሊያስከትል ይችላል። በርካታ ተማሪዎች በአንድ የጋራ የኢንተርኔት አድራሻ በሚወጡበት ግቢ ደግሞ ጥቂቶች ያበዙት ጥያቄ ሌላውንም ሊያስከለክል ይችላል።

ይበልጥ የሚያሳስተው 200 ነው። ገጹ ተከፍቶ «ውጤት አልተገኘም» ቢል እንኳ ኮዱ 200 ሊሆን ይችላል። 200 መልሱ መድረሱን እንጂ የይዘቱን ትክክለኛነት አያረጋግጥም፤ ስለዚህ በቅድሚያ የመለያ ቁጥሩን በጥንቃቄ ዳግመኛ ማስገባት ይገባል።

ኮድ ሳይመጣ ሲቀር

ምንም ቁጥር ካልመጣ ወይ ጥያቄው ሰርቨሩ ዘንድ አልደረሰም፣ ወይ መልሱ መንገድ ላይ ቀርቷል። በ2009 ዓ.ም. የብሔራዊ ፈተና ጥያቄዎች አስቀድመው እንዳይወጡ በሚል በአገሪቱ ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር፤ በሰኔ 2011 ዓ.ም. በፈተና ሰሞን እንደገና ተቋርጧል። በእነዚህ ቀናት ገጽ ለመክፈት የሞከረ ሰው 503 እንኳ ሊያይ አይችልም ነበር።

በሕግ ምክንያት ለተከለከለ ገጽ 451 የተባለ ኮድ እ.ኤ.አ. በ2016 ወጥቷል፤ ቁጥሩ የተወሰደው መጻሕፍት ስለሚቃጠሉበት አገር ከሚተርከው የሬይ ብራድበሪ ልብ ወለድ ርእስ ነው። ይሁንና እገዳ መስመሩን በመቁረጥ ሲፈጸም ምክንያቱን የሚናገር ቁጥር አይኖርም። በኢትዮጵያ መንግሥት በሰኔ 2010 ዓ.ም. 264 ድረ ገጾችና ብሎጎች መከፈታቸውን አስታውቋል።

እንዴት ይታያል?

በኮምፒውተር ክሮም ወይም ፋየርፎክስ ላይ ኤፍ12 ቁልፍን ተጭኖ የኔትወርክ ክፍሉን መክፈትና ገጹን ማደስ ይበቃል፤ ከእያንዳንዱ ፋይል አጠገብ ኮዱ ይታያል። በስልክ ቀላሉ መንገድ ዋይፋይን አጥፍቶ በሞባይል ዳታ መሞከር ነው። በአንዱ ተከፍቶ በሌላው እምቢ ካለ ጥርጣሬው ወደ መስመሩ ያመዝናል። ድረ ገጽን ከሌላ አገር ሆነው የሚፈትሹ ነጻ አገልግሎቶችም አሉ፤ የሚያስፈልጋቸው የገጹ አድራሻ ብቻ ስለሆነ የፈተና መለያ ቁጥር ወይም የይለፍ ቃል ከጠየቁ መተው ይሻላል። ከርል የተባለውን ፕሮግራም የሚጠቀሙ ሰዎች ገጹን ሳያወርዱ ራስጌውን ብቻ መጠየቅ ይችላሉ። አንዳንድ ሰርቨሮች ግን ይህን ዓይነት ጥያቄ ስለማይቀበሉ 405 ይመልሳሉ፤ ያን ጊዜ ገጹ ተበላሽቷል ከማለት በፊት በተለመደው መንገድ መጠየቅ ያስፈልጋል።