ሴፓክ ታክራው፦ ተረትና እውነታ

«በእግር የሚጫወቱት መረብ ኳስ ነው።» ጨዋታውን በቴሌቪዥን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ የሚለው ይህንኑ ነው። መረቡን አይቶ ቢሳሳት አይፈረድበትም፤ ጨዋታው ግን ከመረቡ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል።

የማላይ ነገሥታት ዜና መዋዕል ስለ 15ኛው መቶ ዘመን የማላካ ሱልጣኔት እንዲህ ይተርካል። የሱልጣን መንሱር ሻህ ልጅ ራጃ ሙሐመድ በከተማው ሲያልፍ ወጣቶች ኳስ ሲጫወቱ ይደርሳል። ቱን በሳር የሚባለው፣ የታላቁ ሹም የቱን ፔራክ ልጅ፣ የለጋት ኳስ የልዑሉን የራስ መሸፈኛ መትታ ጣለችው። ልዑሉ ተቆጥቶ ወጣቱን ገደለው። ሱልጣኑም ልጁን ከአልጋ ወራሽነት አንስቶ ፓሃንግ የተባለውን ግዛት እንዲገዛ ላከው። በዚያ ዘመን ተጫዋቾች ክብ ሠርተው፣ ኳሷ መሬት እንዳትነካ ይቀባበሉ ነበር እንጂ መረብ አልነበረም። መረቡ የተጨመረው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

«የማሌዥያ ብቻ ነው» ወይም «የታይላንድ ብቻ ነው» የሚለውም አያስኬድም። በባንኮክ ዋት ፍራ ኬው ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ የዝንጀሮዎቹ ጀግና ሃኑማን ይህንኑ ኳስ ሲጫወት ተሥሏል። ቺንሎን የሚባለው የምያንማር ጨዋታ ዛሬም ያለ መረብና ያለ ተጋጣሚ፣ በክብ ይከናወናል። የዛሬው ስም ራሱ ከማላይና ከታይ ቋንቋ የተዋጣ ነው። በ1965 (እ.ኤ.አ.) በኳላ ላምፑር በተካሄደው የደቡብ ምሥራቅ እስያ ውድድርም ጨዋታው በጋራ ሕግ ቀረበ።

«እጅ ፈጽሞ ኳስ አይነካም።» በጨዋታ መካከል እውነት ነው። ሰርቪስ ሲመታ ግን አንዱ ተጫዋች ከመረቡ አጠገብ ቆሞ ኳሷን በእጁ ይወረውራል። ቴኮንግ የሚባለው መቺ አንድ እግሩን 30 ሴንቲ ሜትር ራዲየስ ካላት ክብ ውስጥ ተክሎ፣ ሌላውን እግር ከራሱ በላይ አንስቶ ይለጋታል። ይህ ቅጽበት ሰውነት ምን ያህል መታዘዝ እንደሚችል ያሳያል፤ ደጋግሜ ባየውም አልጠግበውም።

በአንድ ወገን ሦስት ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ኳሷን ለመመለስ ሦስት ንክኪ ይፈቀድላቸዋል፤ ሦስቱንም አንድ ሰው ብቻውን ሊጠቀምባቸው ይችላል። በመረብ ኳስ ግን አንድ ተጫዋች ተከታትሎ ሁለት ጊዜ ቢነካ በመደበኛው ጥፋት ነው። የወንዶች መረብ መካከሉ ላይ 1.52 ሜትር ይደርሳል፤ አጥቂው በመቀስ ምት በላዩ ተገልብጦ ይመታል። ኳሷም ዛሬ በአብዛኛው ከራታን ሐረግ ሳይሆን ከፕላስቲክ ትሠራለች።

«የመንደር ጨዋታ ነው» የሚሉም አሉ። ይሁን እንጂ ከ1990ው (እ.ኤ.አ.) የቤጂንግ የእስያ ጨዋታዎች ጀምሮ ሜዳሊያ ይሰጥበታል። ኦሊምፒክ ግን እስካሁን አልገባም፤ እንደ እኔ ሊገባ ይገባዋል።