የቤት ድመት ጠጉር አያያዝ በባሌ ደጋ

በሮቤና በጎባ አካባቢ፣ እንዲሁም ከሳነቴ ወዲያ በሃረና ጫካ ዳር ባሉ መንደሮች ድመት የምትያዘው ለጌጥ ሳይሆን ለጎተራው ነው። ገብሱና ስንዴው ተወቅቶ ሲገባ አይጥም አብሮ ይገባል። ይሁን እንጂ የድመቷ ጠጉር በቅቤው ላይ ወይም ለእንግዳ በቀረበው ጪኮ ውስጥ የተገኘ ዕለት የቤት እመቤቷ ታፍራለች፤ ድመቷም ትባረራለች። ከዚያ በኋላ ገበሬው የአይጥ መርዝ ፍለጋ ገበያ ይወርዳል። ይህ በቀላል ድካም የሚወገድ ችግር ስለሆነ ይህችን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

ጠጉር መርገፍ በራሱ በሽታ አይደለም፤ አሮጌው ይወድቃል፣ በምትኩ አዲስ ይበቅላል። የጠጉሩን መለዋወጥ በይበልጥ የሚያዘው የቀን ርዝመት ነው። ስለሆነም ክረምቱና በጋው እጅግ በሚለያይበት አገር ድመት በዓመት ሁለት ጊዜ በብዛት ታራግፋለች። ሮቤ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚበላለጡት ከአንድ ሰዓት ባነሰ ነው። ስለዚህ ወቅቱ እስኪያልፍ እንታገሥ ማለት እዚህ አያዋጣም፤ ሥራው ዓመቱን ሙሉ ጥቂት በጥቂት የሚሠራ ነው።

የድመት ምላስ ወደ ጉሮሮዋ ባዘነበሉ ጥቃቅን እሾሆች የተሸፈነ ነው። ራሷን ስትልስ የረገፈውን ጠጉር ትውጠዋለች። አብዛኛው ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል፤ የቀረው ተጠቅልሎ በትውከት ይወጣል። ይህን አይተው መርዝ በልታለች ብለው የሚጥሏት አሉ፤ ስሕተት ነው። ትውከቱ ከተደጋገመ፣ ምግብ እምቢ ካለችና ሆዷ ከደረቀ ግን አንጀቷ ሊደፈን ስለሚችል ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳየት ይገባል።

ለማበጠር ጥርሱ የጠበቀ የእንጨት ሚዶ ይበቃል። ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ ከማጀት ርቆ፣ በጭን ላይ አስቀምጦ ከአንገቷ ጀምሮ ጠጉሩ ወደተኛበት አቅጣጫ ቀስ እያሉ መሳብ ነው። ሆዷና ጅራቷ መጨረሻ ይሁኑ፤ እዚያ ላይ ትቧጭራለች። በመጨረሻም በውኃ በረጠበ መዳፍ ሲዳብሷት የቀረው ጠጉር ተጣብቆ ይወጣል። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜውም ከአምስት እስከ ዐሥር ደቂቃ ይበቃል። በደጋው ብርድ ማጠብ አያስፈልግም። በበግ መሸለቻ መቀስ መሸለትም ክልክል ነው፤ ቆዳዋ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይቆረጣል።

በሚዶው ላይ ጥቁር ደቃቅ ነገር ከታየ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ አድርጎ ማሸት ነው። ቀይ ቡኒ ከሆነ የቁንጫ ኩስ ነው። ክብ ሆኖ የተመለጠ ቦታ ከታየ ደግሞ ጭርት ሊሆን ይችላል፤ ወደ ልጆች ስለሚተላለፍ ሳይታከም አይተው።

አጥብቀን የምናሳስበው እዚህ ላይ ነው። ቁንጫውን ለመግደል ሲባል ለበግና ለከብት የተዘጋጀውን ዲያዚኖን ወይም ለእህል የሚነሰነሰውን ማላታዮን ድመት ላይ ማድረግ አይገባም። ፔርሜትሪን ያለበት መድኃኒትም፣ ውሻ የሚችለው ቢሆንም፣ ድመትን ይገድላል፤ ጉበቷ ሊያስወግደው አይችልም። በዚያ ላይ የተቀባችውን ሁሉ ትልሰዋለች። ለሃጯ ከተዝረከረከ፣ ከተንቀጠቀጠች ወይም ካንዘፈዘፋት ለብ ባለ ውኃና በሳሙና አጥቦ፣ አድርቆና አሙቆ ወዲያው ወደ እንስሳት ክሊኒክ መውሰድ ነው። ወተት መጋት መድኃኒት አይሆንም። የቁንጫው መፍትሔ በሚዶ ለቅሞ በሳሙና ውኃ ውስጥ መክተትና የምትተኛበትን ጆንያ በየሳምንቱ በፈላ ውኃ አጥቦ ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው።

ጠጉሯ ከወትሮው በላይ የሚረግፍና የሚደበዝዝ ከሆነ ምግቧ ይመርመር። ድመት ሥጋ በል ናት፤ በእንጀራና በወተት ብቻ አትጠናም። ከጠገበች አይጥ አትይዝም የሚለው አባባል ልክ አይደለም። እንግሊዛዊው ቻርልስ ኤልተን እ.ኤ.አ. በ1953 ባወጣው ጥናት፣ አይጥ አስቀድሞ በጸዳበት የእርሻ ግቢ ወተት እየተሰጣቸው የቆዩ ድመቶች አይጥ ተመልሶ እንዳይገባ መከላከላቸውን አሳይቷል። አይጥ የሞላበትን ግቢ ግን ድመት ብቻዋን አታጸዳም፤ ቀዳዳ መድፈንና ወጥመድ ያስፈልጋል። ወጥመድ ያልነው ሆን ብለን ነው፤ በዚንክ ፎስፋይድ የሞተውን አይጥ የምትበላው ያችው ድመት ናትና።

በማበጠር ላይ ሳለ ከቧጨረች ወይም ከነከሰች ቁስሉ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ወደ ጤና ጣቢያም ይኬድ። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1991-92፣ በ2003-04 እና በ2008-09 ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን የገደለው የእብድ ውሻ በሽታ ድመትንም ይይዛል። ውሻ ለማስከተብ የሚወጣ ገበሬ ድመቷንም በጆንያ ይዞ ቢወጣ ሁለተኛ ጉዞ ይቀርለታል።