ሐኪም የሚያዘው ጨዋታ

ለልብ ቀዶ ሕክምና ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ የደረትን መሐል አጥንት ከላይ እስከ ታች በመጋዝ ሰንጥቀው ይከፍታሉ፤ የተበላሸው ቫልቭ ከተቀየረ ወይም የተደፈነውን የልብ ደም ሥር የሚያልፍ መተላለፊያ ከእግር በተወሰደ ሥር ከተሠራ በኋላ አጥንቱ ተመልሶ ይገጠምና በማይዝግ የብረት ሽቦ ይታሰራል። አጥንቱ ለመያያዝ ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ የቀድሞ ጥንካሬውን ለማግኘት ደግሞ 3 ወር ገደማ ይፈልጋል፤ ይሁንና ታማሚው ይህን ሁሉ ጊዜ ተኝቶ እንዲያሳልፍ አይፈቀድለትም፤ ብዙውን ጊዜ በማግስቱ ከአልጋው ወርዶ ወንበር ላይ እንዲቀመጥ፣ በረጅሙ እንዲተነፍስ፣ ትራስ ደረቱ ላይ አቅፎ እንዲያስል ይታዘዛል። ትእዛዙ ጭካኔ ቢመስልም ምክንያት አለው። ትንፋሽ ሲያጥር በሳንባ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ይከደናሉ፣ አክታ ይጠራቀማል፣ የሳንባ ምችም ሊከተል ይችላል፤ ሳይንቀሳቀስ በቆየ እግር ውስጥም ደም የመርጋት ዕድሉ ይጨምራል።

ማገገምን የሚያጓትተው እንግዲህ ህመሙና ህመሙ የሚያሳድረው ፍርሃት ተደጋግፈው ነው። ታማሚው ባሳለ ቁጥር ሽቦው የሚበጠስ፣ በተራመደ ቁጥር ልቡ የሚቆም ይመስለዋል፤ ስለዚህ ትንፋሹን ይቆጥባል፣ እርምጃውን ይቆጥባል፣ በቆጠበ መጠንም ይደክማል። እንደ ሞርፊን ያሉ ብርቱ ማስታገሻዎች ህመሙን ቢያበርዱም ትንፋሽን ያዘገያሉ፣ አንጀትን ያደርቃሉ፣ ራስን ያዞራሉ። ያለ ተጨማሪ መድኃኒት ህመምን የሚያቀልና ታማሚውን የሚያንቀሳቅስ ነገር ሲፈለግ፣ ለልጆች መዝናኛ ተብሎ የሚታወቀው የኮምፒውተር ጨዋታ ወደ ሕሙማን ክፍል የገባው በዚህ መንገድ ነው።

ቨርቹዋል ሪያሊቲ፣ በአማርኛ ምናባዊ እውነታ የሚባለው፣ ኮምፒውተር የሠራውን ዓለም በዙሪያ እንዳለ አድርጎ የሚያሳይ ቴክኖሎጂ ነው። ተጠቃሚው ሁለቱንም ዓይን የሚሸፍን ወፍራም መነጽር ይለብሳል፤ እያንዳንዱ ዓይን ከሌላው በጥቂቱ የሚለይ ምስል ስለሚያይ አንጎል ጥልቀት ያለው ትዕይንት ይመለከታል፤ ጭንቅላት በዞረ ቁጥርም ምስሉ አብሮ ይዞራል። ኢቫን ሰዘርላንድ የተባለው አሜሪካዊ የኮምፒውተር ሊቅ በ1968 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የሠራው የመጀመሪያው ዓይነት መሣሪያ ከጣሪያ ላይ ተንጠልጥሎ የሚያዝ ነበር፤ የዛሬው ግን ከግማሽ ኪሎ ብዙም አይርቅም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው።)

ጨዋታ ህመምን እንዴት ሊቀንስ ይችላል የሚለው ጥያቄ መልሱ ትኩረት በሚባለው የአእምሮ አቅም ላይ ያርፋል። ተመራማሪዎቹ ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል በ1965 ባቀረቡት የ‹‹በር›› ንድፈ ሐሳብ መሠረት የህመም መልእክት ከቁስሉ ተነሥቶ አንጎል እስኪደርስ በአከርካሪ ውስጥ እንደ በር በሚከፈትና በሚዘጋ ሥርዓት ያልፋል፤ ከላይ ከአንጎል የሚወርደው ትእዛዝም፣ ለምሳሌ የስሜትና የትኩረት ሁኔታ፣ በሩን ሊያጠብበው ይችላል። ይህን በጨዋታ የፈተኑት ተመራማሪዎቹ ሀንተር ሆፍማንና ዴቪድ ፓተርሰን ናቸው። በአሜሪካ ሲያትል ከተማ ለተቃጠሉ ሰዎች ያዘጋጁት ‹‹ስኖው ወርልድ›› የተባለ ጨዋታ ታማሚውን በበረዶ ሸለቆ ውስጥ እያንሳፈፈ በፔንግዊኖችና በበረዶ ሰዎች ላይ የበረዶ ኳስ ያስወረውረዋል፤ ነርሷ በዚያው ሰዓት የተቃጠለ ቆዳውን ታጥባለች። እሳት ለፈጀው ሰው በረዶ መምረጣቸው የብልህ ሰው ሥራ ነው።

በልብ ቀዶ ሕክምና በኩል በስፋት ከሚጠቀሱት ሥራዎች አንዱ የሜክሲኮው ሐኪም ሆሴ ሉዊስ ሞሶና ባልደረቦቹ በ2014 ያሳተሙት ነው። 67 ታማሚዎች ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት 24 ሰዓታት ውስጥ ለ30 ደቂቃ ያህል መነጽሩን እንዲለብሱ ተደርገው፣ ከመቶ 88 ያህሉ ህመማቸው መቀነሱን ተናግረዋል። የተለካው ታማሚዎቹ ራሳቸው በሰጡት መልስ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ አዲስ ነገር ያየ ሰው ለጊዜው መነቃቃቱ ያለ ነውና። በብራዚል 60 የልብ ቀዶ ታማሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ በ2013 የታተመው ጥናት ከዚህ ይጠነክራል፤ ከተለመደው ፊዚዮቴራፒ ጋር ምናባዊ ልምምድ የተጨመረላቸው ታማሚዎች በ6 ደቂቃ ውስጥ የተራመዱት ርቀት ረዝሞ፣ ሆስፒታል የቆዩበት ጊዜም አጥሮ ተገኝቷል። ሆኖም በዚህ ዘርፍ የሚታተሙት ጥናቶች አብዛኞቹ ጥቂት ሰዎችን የያዙ ናቸው፤ በቴሌቪዥን ፊት ቆሞ የሚደረገውን የእንቅስቃሴ ጨዋታና ዓይንን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነውን መነጽር በአንድ ስም ስለሚጠሩም ውጤታቸውን ማነጻጸር ያስቸግራል።

ጨዋታዎቹ የሚሠሩት ሥራም የተለያየ ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ለማሳለፍ የሚመረጡት ቁጭ ወይም ጋደም ብለው የሚያዩአቸው ጸጥ ያሉ ትዕይንቶች ሲሆኑ፣ ቆየት ብሎ ደግሞ ታማሚው በመራመጃ ማሽን ላይ እየሄደ መንገድና ዛፍ ሲያልፉት የሚያይባቸው ይመጣሉ። በፖላንድ የልብ ማገገሚያ ላይ ለሚገኙ ሰዎች የተሞከረው ምናባዊ የአትክልት ስፍራ ለየት ይላል፤ መጀመሪያ ሲገባበት ቀለም የሌለውና የተጎሳቆለ ሲሆን፣ ታማሚው በየክፍለ ጊዜው በተንከባከበው መጠን ያብባል። ዓላማው ከልብ ሕመም ጋር ብዙ ጊዜ ተያይዞ የሚመጣውን ድባቴ፣ ማለትም ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የመንፈስ መውደቅ፣ ማቅለል ነው።

መነጽሩ ህመምን የሚያስረሳበት ኃይል ግን ማስጠንቀቂያንም ያስረሳል። በማገገሚያ ክፍል ውስጥ የታማሚው ድካም የሚለካው በልብ ምት ብቻ አይደለም፤ ብዙዎቹ የልብ ምትን የሚያዘገይ መድኃኒት ስለሚወስዱ ቁጥሩ ያታልላል፤ ስለዚህ ስዊድናዊው ጉናር ቦርግ ባዘጋጀው ከ6 እስከ 20 በሚደርስ መለኪያ ታማሚው ምን ያህል እንደደከመው ራሱ ይናገራል። በጨዋታው የተመሰጠ ሰው 15 ላይ ደርሶ 11 ሊል ይችላል። ክንድን ወደ ላይና ወደ ጎን የሚያስወረውሩ የቦክስና የሰይፍ ጨዋታዎች ገና ላልገጠመ የደረት አጥንት አይሆኑም፤ ለእነዚህ ሳምንታት ከባድ ዕቃ ማንሳት፣ መግፋትና መጎተት የሚከለከለውም ለዚሁ ነው። ዓይን ‹‹እየሄድን ነው›› ሲል የውስጥ ጆሮ ‹‹ቆመናል›› ካለ ማቅለሽለሽ ይመጣል፤ ደረቱ ለተሰፋ ሰው ማስመለስ ቀላል ነገር አይደለም። መነጽሮቹና መያዣዎቻቸው ማግኔት ሊኖራቸው ስለሚችል የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተተከለለት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን መጠየቅ አለበት። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2021 ለቆየ የወገብ ህመም የተሠራ አንድ የምናባዊ እውነታ ሕክምናን ሲፈቅድ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ እንዲሰጥ ማድረጉ በዚህ ረገድ ተገቢ አካሄድ ነው፤ መድኃኒት የሚሠራ ነገር ሁሉ መጠን ይፈልጋል።

በኢትዮጵያ የልብ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ብዙዎቹ፣ ባልታከመ የጉሮሮ ሕመም ሳቢያ በሚመጣው ሩማቲክ የልብ ሕመም ቫልቫቸው የተጎዳ ልጆችና ወጣቶች ናቸው። ሰው ሠራሽ የሆነ መካኒካል ቫልቭ የተተከለላቸው ዋርፋሪን የተባለውን ደም አቅጣኝ ዕድሜ ልካቸውን ስለሚወስዱ፣ ዓይናቸው ተሸፍኖ ቆመው ሲጫወቱ ቢወድቁ የሚደርስባቸው የደም መፍሰስ ከሌላው ሰው ይብሳል፤ ለእነርሱ መጫወቻው ወንበር ነው። ቀዶ ሕክምናው ራሱ ብዙ ወረፋ በሚጠበቅበት አገር ደግሞ መነጽሩ ከፊዚዮቴራፒስቱ ቀድሞ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። ጨዋታው ግን ከመነጽሩ በፊት የነበረ ነው፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለታማሚ የሚሰጠው ትንሽ የፕላስቲክ መተንፈሻ በሦስት ቱቦዎቹ ውስጥ ሦስት ኳሶች አሉት፤ አየር በዝግታ ሲሳብ የመጀመሪያው፣ በርታ ሲባል ሁለተኛው ይነሣል፤ አስታማሚው አጠገብ ቁጭ ብሎ ሲቆጥርለት፣ ልጁ ሦስተኛዋን ኳስ ከላይ ለማቆየት ጉንጩን አጉድሎ ይታገላል።