ጥቁሩን አትፈትጉት

ጅቡቲ ከሚመላለሱ ደንበኞቼ አንዱ የተሳቢ ሹፌር ነው። በሰመራ ሲያልፍ እኛ ጋ ጥብስ ሳይበላ አይሄድም። «እህት ዓለም፣ የኛ ቤት ጥብስ ለምንድን ነው ሁልጊዜ ውሃ የሚያወጣው?» እያለ ሲነዘንዘኝ ከረመ። በመጨረሻ እኔ የምሠራበትን ዓይነት ጎድጓዳ የብረት መጥበሻ፣ ቻይናዎቹ ዎክ የሚሉትን፣ አሟሽቼ ሰጠሁት። በሌላ ጉዞው ይዞት መጣ። ውስጡ ነጥቶ ፊት ያሳያል፤ ጠርዙን ዝገት ጀማምሮታል። ኮምቦልቻ ያለችው ባለቤቱ በሽቦና በአሸዋ ስትፈትገው ውላለች። «ይህን ቆሻሻ ዕቃ ማን ሰጠህ ብላ ተቆጣችኝ» አለኝ እያፈረ።

ነገሩ እስካሁን ያበሽቀኛል፤ ሴትዮዋ ላይ ግን አልፈርድም። የእንጀራ ምጣዷን በሽቦ ልፈትግልሽ የሚላት ሰው ቢመጣ ከቤቷ ታባርረው ነበር። አዲስ ምጣድ ስትገዛ በጎመን ዘር ደጋግማ ታሟሸዋለች፤ ጠቁሮ ወዝ እስኪይዝ ትታገሠዋለች፤ በጋገረች ቁጥር ታስሰዋለች። በደንብ የተሟሸ ምጣድ እንጀራ እንደማይዝ ከልጅነቷ ጀምሮ አይታለች። ብረት መጥበሻ ላይ ስትደርስ ይህ ሁሉ ሙያ የት እንደሚገባ አላውቅም። ጥቁር ከሆነ ቆሻሻ ነው፣ ቆሻሻ ከሆነ ይፈተጋል። በማግስቱ ሥጋው ሲይዝባት «ብረት አይረባም» ትልና ቴፍሎን ለመግዛት ገበያ ትወጣለች። እሷ ብቻ አይደለችም፤ ወጥ ቤታችንን ሊፈትሹ የመጡ ሰውም የተሰቀሉትን መጥበሻዎች አይተው «እነዚህ ለምን አይታጠቡም?» ብለውኛል።

ጥቁሩ ዘይት ነው። በስሱ የተቀባ ዘይት ብረቱ ላይ ጢስ እስኪያወጣ ሲግል ፈሳሽነቱን ትቶ ይጠጥራል፤ ከብረቱም ጋር ይጣበቃል። ያ ልባስ ነው ሥጋው እንዳይዝ፣ ብረቱም እንዳይዝግ የሚያደርገው። ያረረ የምግብ ቅሪት ሌላ ነገር ነው፤ ሻካራ ነው፣ በጥፍር ሲነኩት ይፈረፈራል፣ እሱ ይነሳ። ከሥር የሚይዘው የከሰል ጥላሸትም ሌላ ነው። የታጠበውን መጥበሻ ውስጡን በጣት ሲያሻሹት ለስላሳ ከሆነና ምንም ካልተነሳ እጃችሁን ሰብስቡ።

«ጥቁሩ ካንሰር ያመጣል» የሚሉኝም አሉ። አብዛኞቹ ቤታቸው ያለው ቴፍሎን ተልጦ ግማሹ ከምግብ ጋር አልቋል። ቴፍሎን ለእንቁላልና ለለስላሳ እሳት ጥሩ ዕቃ ነው። ነገር ግን ከ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ልባሱ መበላሸት ይጀምራል፤ ባዶውን የጋለ ከሰል ላይ የተጣደ መጥበሻ ደግሞ እዚያ ለመድረስ ብዙ ደቂቃ አይፈጅበትም። እዚህ አፋር ውስጥ በምናነደው የፕሮሶፒስ ከሰል ላይ ቴፍሎን ጥዶ ሽንኩርት ሊከትፍ የሚሄድ ሰው ሳይ ዝም ማለት አልችልም። ብረት ግን ይህን እሳት ይወደዋል።

ስለ ጤና ከተነሳ አይቀር፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ፣ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ የተደረገ ጥናት አለ። በብረት ድስት የተበሰለ ምግብ የበሉ ሕፃናት በአሉሚኒየም ከበሰለላቸው ይልቅ የደም ማነሳቸው ተሻሽሏል። ከጥቁሩ ዕቃ ወደ ምግቡ የሚገባው እንግዲህ ብረት ነው።

ግዢው ቀላል ነው፤ ሰው ግን ማሟሸቱን ትቶ ስለ ግዢው ብቻ ይጠይቀኛል። ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፤ ካልሳበ የምንፈልገው ብረት አይደለም፣ ተዉት። ከቆርቆሮ የተሠራ፣ ዚንክ የተቀባ ብረትንም ማግኔት ይስበዋልና ነጭ የሚያብረቀርቅ ዝንጉርጉር ነገር ካያችሁበት አትግዙ፤ ዚንክ 420 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር ተኩል እስከ ሁለት ቢሆን ይበቃል። ከዚያ ከሳሳ ይጣመማል፣ ከወፈረ ደግሞ በአንድ እጅ አይነሳም። ለፈርኔሎ ሥሩ ክብ ይሁን፣ ፍሙ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ ለኤሌክትሪክ ምድጃ ግን ሥሩ ጠፍጣፋ ካልሆነ አይግልም። የፕላስቲክ እጀታ ከሰል ላይ ዕድሜ የለውም።

አዋሽ ሰባት ላይ የባቡር ሐዲዱ ሲሠራ በቻይናዎቹ ካምፕ ወጥ ቤት የቆየ ልጅ አብሮኝ ሠርቷል። በ100 ብር ዕቃና በ10,000 ብር ዕቃ መካከል ምላስ የሚለየው ልዩነት የለም ይል ነበር፤ ያሟሸው ሰው ነው የሚለየው። ላሜራ የሚቀጠቅጥ ባለሙያ ካገኛችሁ አሠሩ። ከአሮጌ በርሜል ከሆነ ግን በርሜሉ ምን ይዞ እንደነበር ሳታውቁ አትቀበሉ። ዱብቲ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 ከተቋቋመው የተንዳሆ ጥጥ እርሻ ጀምሮ ትራክተር ሲያርስበት በኖረ አገር፣ ያለቀ የዲስክ ማረሻ አይጠፋም። መሃሉ ላይ ያለውን ቀዳዳ በብየዳ ዘግቶ እጀታ ማስገጠም ነው። አርጀንቲናዎች በዲስክ ማረሻ መጥበስን የታወቀ ሙያ አድርገውታል። ለቤት ትንሽ ይከብዳል እንጂ የፍየል ጥብስ እንደዚያ የሚያምርበት ዕቃ አላየሁም።

ሽቦ የሚፈቀደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አዲሱን ዕቃ ከፋብሪካ የተቀባውን ቅባት ለማስለቀቅ። ከዚያ አድርቃችሁ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ እስኪለወጥ ከሰል ላይ አግሉት። ትንሽ ዘይት በጨርቅ ቀቡና ሙሉ በሙሉ የጠረጋችሁት እስኪመስላችሁ መልሳችሁ ጥረጉት፤ ጢሱ እስኪያልቅ አግሉ፤ ሦስት አራት ጊዜ ድገሙት። ዘይት የሚያበዛ ሰው ጥቁር ሳይሆን የሚያጣብቅ ቡናማ ሙጫ ያተርፋል። የኑግ ዘይት ከሚረጋው የፓልም ዘይት በጣም ይሻላል፤ ኑግና ተልባ በተፈጥሯቸው ሲግሉ የሚጠጥሩ ዘይቶች ናቸው።

ከጥብስ በኋላ ሳይቀዘቅዝ ሙቅ ውሃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል። ላርጎ ጥቂት ቢነካው አይሞትም። የሚገድለው ጨው ያለበትን ትራፊ አሳድሮበት መተኛት ነው። ታጥቦ እሳት ላይ ይድረቅ፤ በሰኔ የሰመራ ፀሐይም ያደርቀዋል። ከዘገ በአሸዋ አንሱለትና እንደገና አሟሹት፤ መጣል የለም። ወጥ ግን አትሥሩበት፤ ቲማቲምና ሎሚ ልባሱን ይበሉታል፣ ለእነሱ ድስት አለላቸው።